ዕዳ ሲጠና ማንን ማመን ይቻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ከዚያ በፊት 11 ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ። ይህን የሚያውቁ ጎረቤቶች የእሑዱ ስብሰባ ሲበተን ክንዴን ይዘው ወደ ግቢው ጥግ ይወስዱኛል፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገውም ይጠይቁኛል። ሁሉም ጥያቄው የእሱ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን እነዚያኑ ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት እሰማለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ያለው ሰው ጠበቃ ያማክር። እዚህ የጻፍኩት ጠበቃ ዘንድ ከመድረስዎ በፊት ያለውን መንገድ ነው።

ዕዳዬ ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ከየት ልጀምር?

ከወረቀት። አንድ የደብተር ገጽ ይክፈሉና ዕዳዎን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ ለማን፣ ዋናው ገንዘብ ስንት፣ ወለዱ ስንት፣ እስካሁን ስንት ከፈሉ፣ ምን ፈርመው ሰጡ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሁለት ጎረቤቶችን ያስቡ፤ እያንዳንዳቸው 80 ሺህ ብር አለባቸው። አንደኛዋ ለሱቅ የዱቤ ደብተርና ለእህቷ ነው ያለባት። ሁለተኛው ለአንድ ነጋዴ ነው፤ የፈረመበት ቼክ በነጋዴው እጅ ነው። የገንዘቡ መጠን አንድ ቢሆንም ችግሩ አንድ አይደለም። የመጀመሪያዋ ዕዳ ያሳፍራል፣ ያቀያይማል፤ የሁለተኛው ግን ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርስ ይችላል። ሆኖም ሰው ሲጨንቀው ቀድሞ የሚከፍለው አብዝቶ ለሚጮህበት ነው። የትኛው ወረቀት ምን ሊያደርስብዎት እንደሚችል ሳያውቁ ለማን ቀድመው እንደሚከፍሉ አይወስኑ።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ራሱን አበዳሪውን ያናግሩ። ስልክ ያጠፋ ተበዳሪ ሸሸ ተብሎ ይታሰባል። «ይህን ወር ይህን ያህል አለኝ፤ ቀሪውን በዚህ ቀን» የሚል ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይደመጣል። የተስማሙትንም በጽሑፍ ያድርጉት።

እረዳሃለሁ የሚለኝ ሰው ታማኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሚጠይቅዎት ነገር። ሊረዳ የመጣ ሰው መጀመሪያ ወረቀትዎን ያነብባል። ሊጠቀምብዎት የመጣ ሰው መጀመሪያ ፊርማዎን ይፈልጋል። በእነዚያ 11 ዓመታትም ሆነ በእድሩ ሥራዬ ከዚህ የተሻለ መለያ አላገኘሁም።

ሌላው መለያ የሰውየው ጥቅም ነው። እርስዎ አዲስ ብድር ሲወስዱ ኮሚሽን የሚያገኝ ደላላ «አትበደር» ብሎ ሊመክርዎት አይችልም፤ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ እንጀራው ስለሆነ ነው። ቤትዎን ሊገዛ የሚፈልግ ሰውም ስለ ዕዳዎ ቢያማክርዎት ምክሩ ወደ ሽያጭ ያዘነብላል። ስለዚህ በትሕትና ይጠይቁት፦ «አንተ ከዚህ ምን ታገኛለህ?» ታማኙ ቁጥር ጠቅሶ ይመልሳል፤ ሌላው ይቆጣል።

የካርታ፣ የሊብሬ ወይም የመታወቂያ ዋናውን ቅጂ «ላስጨርስልህ» ብሎ የሚወስድ ሰው ከገጠመዎት ንግግሩን እዚያው ያቁሙ።

በቴሌግራም «ያለ መያዣ በአንድ ቀን ብድር» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልሞክረው?

አይሞክሩት። አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብድሩ «ጸድቋል» ይባላል፣ ከዚያ ለመድን ወይም ለአገልግሎት ጥቂት ሺህ ብር ቀድመው እንዲያስገቡ ይጠየቃሉ፣ ካስገቡ በኋላ ሌላ ክፍያ ይመጣል። ሕጋዊ አበዳሪም የአገልግሎት ክፍያ ያስከፍላል፤ ነገር ግን በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ቀድመው እንዲያስገቡ አያደርግም። በስልክዎ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ወይም የሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ደግሞ ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ለሕዝብ የማበደር ሥራ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ያላቸው ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ዝርዝር በብሔራዊ ባንክ ድረ ገጽ ላይ አለ።

ከግለሰብ በወር 10 በመቶ ተበድሬአለሁ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

መጀመሪያ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ይዩት፤ «በወር አሥር» ሲባል ጆሮን አይከብድም። 100 ሺህ ብር ከወሰዱ በየወሩ 10 ሺህ ይከፍላሉ። በዓመቱ 120 ሺህ ከፍለው ዋናው 100 ሺህ ሳይነካ ይጠብቅዎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት 12 በመቶ ላይ ገድቦታል፤ በዚያ ልክ የዓመቱ ወለድ 12 ሺህ ብቻ ነበር። (ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በራሳቸው ሕግ ስለሚተዳደሩ የእነሱ ወለድ ከዚህ ቢበልጥ አይግረምዎት።) የሰውን ችግር ተጠቅሞ ከሕጋዊው ወለድ በላይ ማበደር አራጣ ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 ያስቀጣል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ሰዉ ለምን ይጎዳል? አራጣ አበዳሪ ወለዱን በውሉ ላይ ስለማይጽፍ ነው። 100 ሺህ ሰጥቶ «160 ሺህ ብር ያለ ወለድ ተበድሬአለሁ» የሚል ውል ያስፈርማል፤ ምስክሮቹም የራሱ ሰዎች ናቸው። ፍርድ ቤት ሲደርሱ ወረቀቱ ፍጹም ሕጋዊ ይመስላል። ፈርመው የሰጡትን ውል በሰው ምስክር ማፍረስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ ማስረጃዎን ዛሬ መሰብሰብ ይጀምሩ። ገንዘቡ በባንክ ገብቶልዎት ከሆነ የሂሳብ መግለጫ ያስወጡ፤ የገባው 160 ሳይሆን 100 መሆኑን ያሳያል። ከእንግዲህ የሚከፍሉትን በጥሬ ገንዘብ አይስጡ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ያስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይም «የብድር ክፍያ» ብለው ይጻፉ። የጽሑፍ መልእክቶችን አያጥፉ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘው የሕግ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ። ቀድሞ ለአበዳሪው «እከስሃለሁ» ማለት ግን ቼኩን ወደ ባንክ እንዲያስሮጥ ማድረግ ነው።

ለዋስትና ብዬ ባዶ ቼክ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ልታሰር እችላለሁ?

ብድር መክፈል ስላቃተው ብቻ ሰው ወንጀለኛ አይባልም። ደረቅ ቼክ ግን የተለየ ነገር ነው። በሂሳቡ በቂ ስንቅ፣ ማለትም ገንዘብ፣ ሳይኖር ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል፤ አበዳሪዎች ቼክ የሚወዱትም ለዚህ ነው። «ለመተማመኛ ብቻ ነው፣ ባንክ አልወስደውም» ይባላል። ቼክ ግን በሕግ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ እንጂ የቃል ኪዳን ወረቀት አይደለም።

የሰጡት ቼክ ካለ የቼኩን ቁጥር ከጉርዱ ላይ ይመዝግቡ። መቼና ለምን እንደሰጡት የሚያሳይ ውል ወይም መልእክት ካለ ያስቀምጡ፤ ለመያዣ የተሰጠ መሆኑ ለጠበቃዎ ክርክር ሊጠቅም ይችላል። ዕዳውን ሲከፍሉ ገንዘቡንና ቼኩን እጅ በእጅ ይለዋወጡ። ከፍሎ «ቼኩን ነገ አመጣልሃለሁ» የተባለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚያው ቼክ የተጠየቀ ጎረቤት አለኝ። ሌላም ላስጠንቅቅ፦ ቼኩ በአበዳሪው እጅ መሆኑን እያወቁ ፖሊስ ዘንድ «ጠፋብኝ» ብለው አያመልክቱ። ይህን የሚመክር ሰው ብዙ ነው፤ ምክሩ አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

አበዳሪው የቤቱን ውክልና ወይም «የሽያጭ ውል» ፈርምልኝ ይላል። ምን ችግር አለው?

ከሁሉ የምፈራው ይህንን ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤት የኮንዶሚኒየም ነው፤ በዕጣ የተገኘ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ክልከላ ስላለ ሰዉ በውክልና መገበያየትን ለምዷል። አራጣ አበዳሪም በዚሁ በር ይገባል። ብድሩን ሽያጭ አስመስሎ ይጽፈዋል፤ መክፈያው ቀን ሲያልፍ «ቤቱን ገዝቼአለሁ» ይላል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪና ተበዳሪ ገና ከጅምሩ «ዕዳው ካልተከፈለ ቤቱ የአበዳሪው ይሆናል» ብለው ቢዋዋሉ አይጸናም። የሽያጩ መልክ የሚመጣው ይህን ክልከላ ለመሸሽ ነው። ፈርመው ከሆነ ውክልናውን በፈረሙበት የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት መሻር እንደሚቻል ይጠይቁ፤ ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው ነው። ይህን ነገር ለነገ አያሳድሩት።

የባንክ ብድር ወደ ኋላ ቀርቶብኛል። ባንኩ ቤቴን ይሸጠዋል?

ዛሬውኑ አይሸጥም፤ ግን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል፤ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ማስጠንቀቂያው ሲደርስ ግን አብዛኛው የመደራደሪያ ጊዜ አልቋል።

ከውስጥ የማውቀውን ልንገርዎት። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በባንኩ መዝገብ የተበላሸ ብድር ይባላል። ከዚያ በፊት የብድር ባለሙያው የመክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልዎት ወይም ወርኃዊ ክፍያው እንዲቀንስ ሐሳብ ለማቅረብ ሰፋ ያለ ቦታ አለው። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ እርስዎም ከሚያውቁዎት ሰው እጅ ይወጣሉ። ስለዚህ ገና አንድ ወር ሲያመልጥዎት ይሂዱ። የደመወዝ ማስረጃ፣ ንግድ ከሆነ የገቢ መዝገብ፣ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት ይያዙ፤ ጥያቄዎን በማመልከቻ ጽፈው በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ቅርንጫፉ ካልሰማዎት በዋናው መሥሪያ ቤት ያለውን የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ብሔራዊ ባንክን ይጠይቁ። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ተቋማቱ ቅሬታ የሚሰሙበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል።

ኮሚሽን ተቀብሎ «የባንኩን ሰው አውቃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ እኔ በዚያ ወንበር በተቀመጥኩበት ዘመንም በስሜ ገንዘብ የሚበሉ ሰዎች እንደነበሩ ያስቡ። አንዱንም አላውቀውም ነበር።

የቴሌብር ብድር ዘገየብኝ። ይህስ?

መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሰዉ ይንቀዋል። ግን በየቀኑ የሚጨመር ቅጣት ካለበት ከትልቁ ይልቅ በፍጥነት ያድጋል። አንዱን የስልክ ብድር በሌላው የስልክ ብድር መክፈል ከጀመሩ፣ እዚያው ያቁሙና ትንሹን ዘግተው ይጨርሱ። ታሪክዎ በብድር መረጃ ቋት ውስጥ ከገባ ነገ ባንክ ሲሄዱ ይታያል።

ለጓደኛዬ ዋስ ሆኜ ነበር፤ እሱ ጠፋ። እኔ ልከፍል ነው?

«ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው ይኸው ነው። መልሱ በፈረሙት ወረቀት ላይ ባሉ ሁለት ነገሮች ይወሰናል።

አንደኛ፣ ገንዘቡ። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ሊጻፍበት ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት መጠኑ ያልተጻፈበት ዋስትና አይጸናም። «ለሚኖርበት ዕዳ ሁሉ ዋስ ነኝ» ብለው ከፈረሙ ለጠበቃ ማሳየት ይገባዎታል።

ሁለተኛ፣ «በአንድነትና በነጠላ» የሚለው ሐረግ። ይህ ከተጻፈ አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳይፈልግ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል። ካልተጻፈ መጀመሪያ ተበዳሪው እንዲጠየቅ መከራከር ይችላሉ። በእነዚህ ሁለት ቃላት ምክንያት ባጃጁን ያጣ ሰው አይቻለሁ። ከከፈሉም በኋላ ጓደኛዎን የመጠየቅ መብት አለዎት፤ የከፈሉበትን ደረሰኝ አይጣሉ።

በእቁብ ዕጣ ቀድሞ ለወጣለት ሰው ዋስ የሚሆኑ ሰዎችም ይህንኑ ያስቡበት።

ባለቤቴ ሳትነግረኝ ተበድራለች (ወይም ባለቤቴ ሳይነግረኝ ተበድሯል)። ዕዳው የኔም ነው?

በአዲስ አበባ በሚሠራው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ግን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ካለፈ ደግሞ አይችልም። በሌላ በኩል ገንዘቡ ለልጆች ትምህርት፣ ለቤት ኪራይ ወይም ለአስቤዛ ከዋለ ዕዳው የትዳሩ የጋራ ዕዳ ይሆናል። ከሕጉ በፊት ግን ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል። ከእኔ ጋር የሚነጋገሩ ሰዎች አብዛኞቹ ከዕዳው ይልቅ መደበቃቸው ያሳፍራቸዋል።

ፍርድ ቤት ደመወዜን ሁሉ ሊወስድ ይችላል?

አይችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በፍርድ አፈጻጸምም ቢሆን የማይያዙ ነገሮች አሉ፦ የግድ የሚያስፈልግ ልብስና መኝታ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያ። የልብስ ስፌት መኪናዬን ወሰዱብኝ ያለች ሴት ካለች ሳትውል ሳታድር ትጠይቅ።

መጥሪያ ደረሰኝ። ገንዘቡ ስለሌለኝ ብሄድ ምን ዋጋ አለው?

ብዙ ዋጋ አለው። ካልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል፤ ውሉ ውስጥ የተጨመረው የአራጣ ገንዘብም ጸንቶ ይወጣል። በቼክ ወይም በግልጽ የብድር ውል የሚቀርብ ክስ አብዛኛውን ጊዜ በአጭር ሥነ ሥርዓት ነው። በዚህ ጊዜ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም፤ መጀመሪያ በቃለ መሐላ «እንድከላከል ይፈቀድልኝ» ብሎ ማመልከት አለበት። ይህን ሳያውቁ ቀነ ቀጠሮውን ብቻ የሚጠብቁ ሰዎች ሳይደመጡ ይፈረድባቸዋል። መጥሪያውን በተቀበሉበት ቀን ቀኑን ይመልከቱ፤ ጠበቃ ዘንድም ያን ሳምንት ይድረሱ።

ዕዳው እውነት ከሆነና መካድ ካልፈለጉም ይቅረቡ። በየወሩ በሚከፈል ክፍያ እንዲሆንልዎት መጠየቅ ይቻላል።

ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም። ነፃ እርዳታ ከየት ይገኛል?

የፌዴራል ጠበቆች በየዓመቱ ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ በደንብ ተደንግጎ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጠበቃን ነፃ እርዳታ መጠየቅ ልመና አይደለም። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፤ ፍርድ ቤት ግቢ ገብተው «የነፃ ሕግ ድጋፍ የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለረጅም ዓመታት ነፃ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰውም ከወረዳው የድህነት ማስረጃ አምጥቶ ከክፍያው ነፃ እንዲሆን ማመልከት ይችላል።

በፍርድ ቤቱ በር ላይ «ጉዳይ አስጨርሳለሁ» የሚለውና ማመልከቻ ጻፊው ጠበቃ አይደሉም። ማመልከቻ ጻፊው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን ይጻፍልዎት፣ ምክሩን ግን ከባለ ፈቃድ ይውሰዱ። የጥብቅና ፈቃድ መታወቂያ አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

የምኖረው በሸገር ከተማ በኩል ነው። ለውጥ አለው?

አለው። በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ከሆኑ የሚዳኙት በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው፤ የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን በደንብ የማያውቁ ከሆነ ገና ከመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚ ይጠይቁ። የቤተሰብ ሕጉም የክልሉ ነው፤ ከላይ ስለ ባልና ሚስት የጻፍኩትን እንዳለ ወስደው አይሟገቱበት። የብድር፣ የዋስትናና የቼክ ሕጎቹ ግን አንድ ናቸው።

ሽማግሌ ልላክ ወይስ ልክሰስ?

አበዳሪው ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም የእቁብ አባል ከሆነ ሽማግሌ ይቅደም። ከአበዳሪውም ከእርስዎም ጋር የገንዘብ ንክኪ የሌለው ሰው ይምረጡ፤ ሁለቱንም የሚያውቅ የእድር ዳኛ ወይም የንስሐ አባት ጥሩ ነው። ስምምነቱ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ምስክሮችም ይፈርሙ፤ የቀድሞው ውልና ቼክ እንዲመለስ ወይም እንዲሰረዝ በግልጽ ይጻፍ። በሽምግልና አልቆ አሮጌው ውል በአበዳሪው መሳቢያ ከቀረ ነገሩ አላለቀም።

ጥያቄዬ እዚህ የለም። ላናግርዎት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ድንኳኑ አጠገብ እገኛለሁ። ክፍያ የለውም። ወረቀቶቹን ይዘው ይምጡ፤ ቅጂውን ብቻ፣ ዋናውን ቤት ያስቀምጡት።